ፍላጻው ሲቀል ክንዱ ተሰነጠቀ፦ ደብረ ብርሃን ላይ የተፈታ የኦሃዮ ክሮስቦው ጉዳይ

ይህን ጉዳይ ለምን መዘገብኩት

ደብረ ብርሃን ውስጥ አነስተኛ ጋራዥ አለኝ። ዋና ሥራዬ ባሌስትራ ነው፤ የመኪናን ጭነት የሚሸከመው ታጣፊ ብረት። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኖ የጣርማ በርን ዳገት የወጣ አይሱዙ፣ ከመሐል ሜዳ በኮረኮንች የመጣ ሚኒባስ፣ ሁሉም አንድ ቀን እኔ ደጅ ይቆማል። የተሰበረውን ብረት እቀይራለሁ፣ የተኛውን አነሳለሁ።

ይህ ጉዳይ ግን የመኪና አይደለም። አሜሪካ፣ ኦሃዮ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ስለ ክሮስቦው፣ ማለትም ቃታ ስላለው ቀስት፣ ምክር ጠየቀኝ። እኔም ባሌስትራ ያስተማረኝን ይዤ ምክር ሰጠሁት። ምክሬ ስህተት ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ የመሣሪያው ክንድ ተሰነጠቀ። ሰው አልተጎዳም፤ መጎዳት ግን ይችል ነበር።

ስህተቱን ለማወቅ ብዙ ወራት ፈጀብኝ። የሄድኩበት መንገድ ለሌላ ሰውም ይጠቅማል ብዬ ስለማስብ እንዳለ እጽፈዋለሁ። የሰው ስም አልጠራም። አደኑ ሁሉ የተካሄደው ኦሃዮ ውስጥ፣ በፈቃድ ነው። እዚህ አገር ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል መሆኑን የጓሳን ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እያየ ላደገ ሰው መንገር አያስፈልግም። ቢሆንም ተናግሬያለሁ።

ባለቤቱና መሣሪያው

ክሮስቦው አግድም የተጋደመ ቀስት ነው። እንደ ጠመንጃ ሰደፍና ቃታ አለው። ከፊት ሁለት ክንዶች አሉት። አውታሩ ወደ ኋላ ይሳብና ቃታው ይይዘዋል። ፍላጻው ከፊቱ ይቀመጣል። ቃታው ሲሳብ የታጠፉት ክንዶች ይዘረጋሉ፤ አውታሩም ፍላጻውን ይገፋዋል። የዛሬዎቹ ክንዶች ባብዛኛው ከፋይበርግላስ የተሠሩ ናቸው። ሥራቸው ከባሌስትራ ሥራ አይለይም፦ መታጠፍና መመለስ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጣሊያን ለጋራዦቻችን ጥሎልን የሄደው ብዙ ቃል አለ፦ ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ። ባሌስትራም ከእነሱ አንዱ ነው። በጣሊያንኛ ባሌስትራ ማለት ግን ቀድሞ ነገር ክሮስቦው ማለት ነው። የመኪናው ብረት ስሙን የወሰደው ከቀስቱ ነው። ስለዚህ ልጁ ስልክ ደውሎ «ጋሼ፣ ባሌስትራ የምታውቀው አንተ ነህ» ሲለኝ፣ ሳያውቀው ልክ ተናግሯል።

ልጁ የመንዝ ተወላጅ ነው። በልጅነቱ በወንጭፍ ዝንጀሮ ሲያባርር ያደገ። ኦሃዮ ከገባ በኋላ የሥራ ጓደኞቹ አጋዘን አደን አስለመዱት። እናቱ፣ ማለትም አክስቴ፣ መጀመሪያ የጠየቀችው «ይበላል እንዴ?» ብላ ነው። የንስሐ አባቷ ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ዋላና ሚዳቋን ከሚበሉት እንደሚቆጥር ነገሯት። ቀጥላ «ባርኮ ነው የሚያርደው?» አለች። ያኛው ጥያቄ እስካሁን አልተዘጋም።

መሣሪያውን የገዛው በነሐሴ 2010 ነው፤ ያገለገለ። የመሳቢያ ጉልበቱ 175 ፓውንድ ነው፣ ወደ 79 ኪሎ። አውታሩ ፍላጻውን እየገፋ የሚሄድበት ርቀት 33 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከሻጩ ስድስት ፍላጻ አብሮ ተቀበለ። የአጠቃቀም መመሪያው ግን ጠፍቷል። ይህቺን ልብ በሉልኝ፤ የነገሩ ሁሉ ሥር እሷ ናት።

ችግሩ፣ እና የእኔ ምክር

መስከረም 2011 ላይ የአደኑ ወቅት ተከፈተ። ልጁ በየሳምንቱ ይለማመዳል። ብዙም ሳይቆይ ቪዲዮ ላከልኝ። ሲተኩስ ድምፁ ጯ ይላል፤ ጆሮ ይወጋል። ሰደፉ እጁ ውስጥ ይነዝራል። አውታሩ መሐል ላይ የተጠመጠመው ክር ተፈታትቷል። ብሎኖቹን በየጊዜው ያጠብቃቸዋል፣ ተመልሰው ይላላሉ።

ብሎን መላላት እኔ ዘንድ የታወቀ በሽታ ነው። ባሌስትራ የሚጎዳው በምንድን ነው? በጭነት። 35 ኩንታል የሚችል መኪና 60 ኩንታል ይጭናል፤ ከዚያ ጉድጓድ ይገባል፤ ጧ! ስለዚህ ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነበር፦ «ፍላጻው ስንት ይመዝናል?»

የፍላጻ ክብደት የሚነገረው በግሬን ነው። አንድ ግራም 15.4 ግሬን ይሆናል። የእሱ ፍላጻ ጫፉን ጨምሮ 370 ግሬን መዘነ፣ 24 ግራም ገደማ።

«እንግዲያው ቀለል ያለ ግዛ» አልኩት። «ጭነቱን ቀንስለት። ክንዱ ይረፍ።»

ልጁም 320 ግሬን የሚመዝን ገዛ። ወደ 21 ግራም ማለት ነው። የመጀመሪያ ቀን ደስታውን ብታዩት! «ጋሼ፣ ጥይት ሆነልህ!» አለኝ። እውነትም ፈጥኗል። በሩቁ ዒላማ ላይ እንኳ እንደ በፊቱ አይወርድም። ድምፁ ግን ብሷል። «አዲስ ነገር ስለሆነ ነው፣ ይለምዳል» አልኩት። እንዴት እንደሚለምድ ግን አልጠየቅኩም፤ እሱም አልጠየቀኝም።

ስንጥቁ

ኅዳር ላይ፣ በቀላሎቹ ፍላጻዎች አርባ ያህል ጊዜ ከተኮሰ በኋላ፣ ደረቅ ሳር ሲሰበር የሚመስል ድምፅ ሰማ። የላከልኝን ፎቶ አጎላሁት። በግራው ክንድ ጠርዝ ላይ፣ ከጫፉ አራት ጣት ያህል ገባ ብሎ፣ እንደ ቃጫ የቆመ ስንጣሪ ይታያል። ከሥሩ ፀጉር የምታክል መስመር በቁመቱ ወርዳለች።

«አንዴ ቢደግመው ኖሮ» እያልኩ ያን ሌሊት አልተኛሁም። እንዲህ የተሰነጠቀ ክንድ ሲሳብ ድንገት ሊፈነዳ ይችላል፤ ፊት ደግሞ ከክንዱ ብዙም አይርቅም።

መሣሪያውን ወደ ጥገና ሱቅ ወሰደው። ባለሙያው ክንዱን ሳይሆን ፍላጻውን ነው በመጀመሪያ ያነሳው። ሚዛን ላይ አስቀመጠና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ የመሣሪያውን መመሪያ ከኢንተርኔት አውጥቶ አሳየው። ትንሹ የተፈቀደ የፍላጻ ክብደት 400 ግሬን ይላል፤ ከዚያ በታች ከተተኮሰ ዋስትናው ይሰረዛል።

ልብ በሉ። 320ው ብቻ አይደለም፣ ከሻጩ የመጣው 370ም ከልኩ በታች ነበር። መሣሪያው ገና ከመጀመሪያው ይጮህ የነበረው ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ ቁስሉ ላይ ጨው ጨመርኩበት።

ልጁ ደውሎ ሲነግረኝ አላመንኩትም። «እንዴት ተደርጎ ቀላል ነገር ከባዱን ይሰብራል?» አልኩ። ባለሙያው በደንብ አስረድቶት ነበር፤ እኔን ግን አልገባኝም። ሃያ ዓመት የሠራህበትን ነገር ማንም በአንድ ስልክ አያስጥልህም።

ደጋን ያስተማረኝ

ጥር ላይ ለዘመድ ሠርግ መሐል ሜዳ ሄድኩ። ባደርኩበት ቤት ጓሮ አንድ አዛውንት የበግ ጠጉር ይነድፋሉ። የመንዝ ባና የሚጀምረው ከዚያ ነው። ደጋናቸውን በግራ እጃቸው ይዘው፣ ጅማቱን ጠጉሩ ውስጥ አስገብተው በእንጨት ይመቱታል። ድም፣ ድም፣ ድም ይላል። ጠጉሩ እየተፈታ እንደ ጉም ይነሳል።

ጠጉሩን ሊጨምሩ እጃቸውን ሲያነሱ ጅማቱ ባዶ ቀረ። እንዲሁ በልማድ አንዴ መቱት። ዝ‑ን‑ን‑ን! ድምፁ ግቢውን ሞላው። አዛውንቱ ፊታቸውን ቋጠር አድርገው የእጃቸውን አንጓ አሹ።

ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። ከቪዲዮው ላይ ሰምቼዋለሁ።

«አባባ፣ በባዶ ሲመቱት ለምን እንዲህ ይጮሃል?» አልኳቸው።

«ጠጉር ሲያጣ ምን ይብላ ልጄ? እኔን ይበላል እንጂ» አሉኝ።

ምቱ ያው ነው፤ ደጋኑም ያው። ጠጉር ካለ ጉልበቱ ጠጉሩን ይፈታል። ጠጉር ከሌለ መሄጃ ያጣና ወደ እንጨቱና ወደ እጅ ይመለሳል። ዱላ ሰንዝሮ የሳተ ሰው ትከሻውን የሚያመውም ለዚህ ነው። ቢያገኝ ኖሮ የሚያመው ሌላው ነበር።

የእኔ ስህተት የት እንደነበር ያኔ ታየኝ። የመኪና ባሌስትራ የሚታጠፈው በጭነቱ ልክ ነው። ጭነት ሲጨምር መታጠፉ ይጨምራል። የክሮስቦው ክንድ ግን የሚታጠፈው አውታሩ በተሳበው ልክ ነው። ፍላጻው ቢከብድም ቢቀልም፣ ቢጠፋም እንኳ፣ መታጠፉ አይለወጥም። ፍላጻው ጭነት አይደለም። ፍሬን ነው። የክንዱን ጉልበት ይዞ የሚወጣው እሱ ነው። ቀላል ከሆነ ትንሽ ይዞ ይወጣል፤ የተረፈው ክንዱ ውስጥ ይቀራል። ጭራሽ ፍላጻ ሳይኖር ቃታ ከተሳበ ሁሉም ይቀራል። አንድ እንዲህ ያለ ባዶ ምት ብቻውን መሣሪያ ሊሰብር ይችላል። የ320 ግሬኑ ፍላጻ በእያንዳንዱ ምት የባዶ ምትን ትንሽ ቁራጭ ሲያቀምሰው ኖሯል።

በጋራዡ ያደረግነው ሙከራ

ገባኝ ማለት አንድ ነገር ነው፣ ማየት ሌላ። መጋቢት ላይ ከአሮጌ ፒክአፕ የወጣ ቀጭን የባሌስትራ ብረት ወሰድን። ከሥራ ልጆቼ አንዱ በዲስክ በቁመቱ ሰነጠቀው። ብረቱ ግሎ ጥንካሬው እንዳይጠፋ ውኃ እያፈሰሰ ነው የቆረጠው። ጫፎቹ ላይ ቀጭን የሽቦ ገመድ አሰርን። መሐሉን ወፍራም ጣውላ ላይ በብሎን አጣበቅን። ጣውላውን ደግሞ ሞርሳ ያዘው። በፓራንኮ 20 ሳንቲ ሜትር ሳብነው። ማስለቀቂያውን በሲባጎ ከግድግዳው ጀርባ ሆነን ነበር የምንጎትተው፤ የብየዳ ጭንብልም አድርገን። ዒላማው ጭድ የተጠቀጠቀበት ጆንያ ነበር፣ ከኋላው አሮጌ የጭነት ጎማ።

ሦስት ዘንግ አዘጋጀን፦ 20 ግራም፣ 40 ግራም፣ 80 ግራም። አንድ ወርቅ ቤት ወስጄ አስመዘንኳቸው። ባለ ወርቅ ቤቱ «ይሄ ደግሞ ስንት ካራት ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ፍጥነት መለኪያ የለንም። ስልክ ግን አለን። በሰከንድ 240 ምስል የሚቀርጸውን አዝጋሚ ቪዲዮ ተጠቀምን። ግድግዳው ላይ በኖራ 4 ሜትር ለክተን ምልክት አደረግን፤ ዘንጉ ከምልክት እስከ ምልክት በስንት ምስል እንዳለፈ ቆጠርን። 20 ግራሙ በ19 ምስል አለፈ፣ በሰከንድ 50 ሜትር ገደማ። 40 ግራሙ በ21፣ ወደ 46 ሜትር። 80 ግራሙ በ24፣ ወደ 40 ሜትር።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ክብደቱ አራት እጥፍ ሆኗል፤ ፍጥነቱ የቀነሰው ግን በአምስተኛው ብቻ ነው። ጉልበቱን ስናሰላ 20 ግራሙ 25 ጁል፣ 40 ግራሙ 42፣ 80 ግራሙ 64 ጁል ይዞ ወጥቷል። ብረቱ በሦስቱም ጊዜ እኩል ነው የተሳበው። ታዲያ ቀላሉ ዘንግ ትቶት የሄደው ጉልበት የት ገባ?

ይህን ያሳየን ጤፍ ነው። ጣውላው ላይ ቆርቆሮ ሰሃን አጥብቀን ከባለቤቴ ጓዳ አንድ እፍኝ ጤፍ በተንን። በ80 ግራሙ ስንተኩስ ጤፉ ተንቀጥቅጦ ወደ ሰሃኑ ጠርዝ ተሰበሰበ። በ20 ግራሙ ስንተኩስ ግማሹ ዘሎ መሬት ወረደ። ልጆቹ ጮሁ። ባለቤቴም ጮኸች፣ በሌላ ምክንያት።

በሰባተኛው ቀላል ምት የሽቦው ገመድ ጫፉ ላይ ተበጠሰ። እዚያው አቆምን። የሠራነውንም ቆራርጠን ከውዳቂ ብረት ጋር ጣልነው። እንዲህ ያለ ነገር ሕፃናት በሚገቡበት ግቢ አይቀመጥም።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የእኛ ክንድ ከባድ ብረት ስለነበር ልዩነቱ ከልክ በላይ ጎልቶ ታይቷል። ከባድ ክንድ ራሱን ለማንቀሳቀስ ብዙ ጉልበት ይበላል። የፋይበርግላስ ክንድ ቀላል ስለሆነ ልዩነቱ ያንሳል። ያንሳል እንጂ አይጠፋም።

የኦሃዮው ቁጥር

ልጁ ሁለቱንም ክንዶች በአንድ ላይ አስቀየረ። አንዱ ብቻ ቢሰበርም ጥንድ ሆነው ነው የሚቀየሩት፤ አዲስና አሮጌ እኩል አይገፉም። ይህንን ከባሌስትራም አውቀዋለሁ፤ አንዱን ጎን ብቻ ካደስክ መኪናው ያዘነብላል። መሣሪያውን ያገለገለ ስለገዛው ዋስትና የለውም፤ ከኪሱ ከፈለ። ግማሹን ልክፈል ብዬ ብጠይቀው «ተው ጋሼ» አለኝ። እስካሁን ያሳፍረኛል።

ከዚያ 460 ግሬን የሚመዝን ፍላጻ አዘጋጀ። ወደ 30 ግራም ነው። ሱቁ ውስጥ ባለው የፍጥነት መለኪያ ተለካ። 320ው ቀድሞ በሰከንድ 122 ሜትር ይሄድ ነበር። 460ው 107 ሜትር ሄደ። የፍላጻው ጉልበት ከ155 ጁል ገደማ ወደ 171 ገደማ አድጓል። ዝግታው አላከሰረውም፤ ይዞት የሚወጣው ጉልበት በ16 ጁል ጨምሯል። ያ 16 ጁል ቀድሞ ክንዱ፣ አውታሩና ብሎኑ ውስጥ የሚቀር ነበር። አንድ ጊዜ ከሆነ ምንም አይደል። በሺህ ምት አባዙትና እዩት።

ድምፁም ወረደ። በስልክ ሲያሰማኝ ጯ ማለቱ ቀርቶ ድም ይላል። አዛውንቱ ትዝ አሉኝ።

የሞከርነውና ያልሆነው

መጀመሪያ ክንዱ ላይ የጎማ ማርገቢያ አስሮ ነበር። ድምፁን ትንሽ ቀነሰው። በሽታውን ግን አልነካውም፤ ሳል ይዞህ ከረሜላ እንደ መምጠጥ ነው። ብሎን ማጥበቅም እንደዚያው።

ቀጥሎ ያንኑ ቀላል ዘንግ ይዞ ጫፉን ብቻ አከበደው። በሚዛን 420 ግሬን ደረሰ። ልኩ ሞላ ብለን ተደሰትን። ሲተኩስ ግን ፍላጻዎቹ ዒላማው ላይ ተበታተኑ። ምክንያቱ ቀላል ነው። አውታሩ ከኋላ ሲገፋ ከፊት ከባድ ነገር ካለ ቀጭኑ ዘንግ መሐል ላይ ይጎብጣል። እየተወዛወዘ ይወጣል። ስለዚህ ክብደት ሲጨመር ዘንጉም ጠንከር ማለት አለበት። በመጨረሻ ወፈር ያለ የካርቦን ዘንግ ወስዶ ከፊት ጫፉ የሚታሰርበትን የናስ ማስገቢያ ከተተበት፤ ተስተካከለ።

ሌላም ስህተት ነበር። ልጁ መጀመሪያ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ክብደት አይቶ «ይሄ ከልክ በታች ነው» ብሎ ጥሩ ፍላጻ መልሷል። ካርቶኑ ላይ ያለው የዘንጉ ክብደት ብቻ ነው። የሚቆጠረው ግን ድምሩ ነው፦ ዘንጉ፣ ማስገቢያው፣ ጫፉ፣ ክንፎቹ፣ ከኋላ አውታሩን የሚይዘው ኖክ። ተገጣጥሞ ካላለቀ አይመዘንም። የኩሽና ሚዛን ይበቃል፣ የግራም አሥረኛን ካሳየ።

ኖክ ካልኩ አይቀር፦ የኖኩ ዓይነት ከመሣሪያው ጋር ካልገጠመ አውታሩ ከፍላጻው በላይ ወይም በታች ሾልኮ ያልፋል። ያ ባዶ ምት ነው፤ ክብደቱ ልክ ቢሆንም አይረዳም። መመሪያው የሚለው ኖክ እንጂ ሌላ አይገጠምም።

አደን ላይ የታየው

ብዙ ሰው ቀላል ፍላጻ የሚወደው ለፍጥነቱ ነው። አጋዘን ድምፅ ሰምቶ ጎንበስ ብሎ ይፈናጠራል፤ ስለዚህ ቶሎ መድረስ ይሻላል ይላሉ። ሒሳቡን ሠራነው። በ30 ሜትር 122 የሚሄደው በሰከንድ መቶኛ 25 ውስጥ ይደርሳል፤ 107 የሚሄደው በ28። ድምፅ ግን በ9 መቶኛ ነው የሚደርሰው። ሁለቱም ከድምፅ ኋላ ናቸው። ያቺ የ3 መቶኛ ብልጫ የተገዛችው መሣሪያውን ይበልጥ በማስጮህ ነው። የምታስደነግጠውን እንስሳ ለመቅደም መሮጥ ማለት ነው፤ እኔ አልገዛውም።

የከባዱ ፍላጻ እውነተኛ ጉዳት ሌላ ቦታ ነው። በ30 ሜትር ወደ 9 ሳንቲ ሜትር፣ በ40 ሜትር ደግሞ ወደ 16 ሳንቲ ሜትር ያህል ከቀላሉ ይበልጥ ይወርዳል። ስለዚህ መነጽሩ እንደገና መስተካከል አለበት፤ ርቀትም በግምት አይሆንም። ልጁ ርቀት መለኪያ ገዛ፤ ከ35 ሜትር በላይ ላለመተኮስም ወሰነ።

መውጋት ላይስ? በኅዳር 2011፣ ከስንጥቁ ሁለት ሳምንት በፊት፣ በቀላሉ ፍላጻ አንድ አጋዘን መትቶ ነበር። ፍላጻው ትከሻ አጥንት ላይ አርፎ ቆመ። እንስሳው ሮጠ። ልጁ በባትሪ ደም እየተከተለ ሦስት ሰዓት ያህል ሄዶ ነው ያገኘው። ያን ሌሊት ሲነግረኝ ድምፁ ደስ የሚል አልነበረም። በ2012 መኸር በ460ው፣ በ24 ሜትር፣ የጎን አጥንት መሐል መታ። ፍላጻው አልፎ መሬት ላይ ተተከለ። እንስሳው ሃምሳ እርምጃ ያህል ሄዶ ወደቀ።

ከዚህ ተነስቼ ክብደቱ ነው የለወጠው አልልም። አንዱ ትከሻ ላይ ነው፣ አንዱ የጎን አጥንት መሐል። ሁለት ምት ማስረጃ አይሆንም። የሚታወቀው ይህ ነው፦ የክብደትና የፍጥነት ብዜት በከባዱ በሩብ ያህል ይበልጣል፤ ሥጋና አጥንት ውስጥ ገብቶ ቶሎ ያለመቆም ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ብዜት ጋር ይሄዳል። የተሳለ ጫፍና ትክክለኛ ቦታ ከሌለ ግን 460ም 600ም አያድንም።

ለሌላ ጉዳይ የሚያገለግለው

መጀመሪያ ወረቀቱ። ያገለገለ መሣሪያ የገዛ ሰው መመሪያውን ሳያገኝ አንድ ጊዜ እንኳ አይተኩስ። ትንሹ የፍላጻ ክብደት እዚያ ተጽፏል፤ ከሻጩ ጋር የመጣ ዕቃ ልክ ነው ማለት አይደለም። እኔ ጋራዥ ውስጥ እንኳ አሁን የማላውቀው ዓይነት መኪና ሲመጣ መጽሐፉን እጠይቃለሁ። በፊት አልጠይቅም ነበር።

ድምፅ መረጃ ነው። ልጁ ሦስት ወር ሙሉ መሣሪያው ሲጮህ ሰምቷል፣ እኔም ሰምቻለሁ። «ይለምዳል» ብለን አለፍነው። የላላ ብሎን ሲገኝ ማጥበቅ ብቻ ሳይሆን ማን እንዳላላው መጠየቅ ነበረብን።

ከልኩ በላይ ማክበድም አያዋጣም። ክንዱን አይጎዳውም፤ ግን ፍላጻው ቶሎ ይወርዳል፣ ርቀት ላይ የምትሠራት ትንሽ ስህተት ትልቅ ትሆናለች። ልጁ ከዝቅተኛው ልክ 60 ግሬን ከፍ ብሎ ቆመ። ለሱ መሣሪያና ለሱ ርቀት በቂ ነው።

ከሁሉ በላይ እኔን የነካኝ ግን ይህ ነው። ባሌስትራና ክሮስቦው በስምም በሥራም ዘመዳሞች ናቸው፤ እኔን ያሳሳተኝ ዝምድናቸው ነው። አሁን ማንም ስለ ማንኛውም ስፕሪንግ ሲጠይቀኝ ስለ ጭነቱ አልጠይቅም። የምጠይቀው፦ ሲለቀቅ ጉልበቱ ወዴት ይሄዳል? የበር መመለሻ ስፕሪንግም ቢሆን፣ የወፍጮ ቤት ወንፊት መነቅነቂያም ቢሆን።

ከዚያ ወዲህ

ክንድ ላይ ገና የጀመረ ስንጥቅ በዓይን አይታይም። አንድ ዘዴ አለ፦ ለስላሳ ጥጥ በክንዱ ጠርዝ ላይ ቀስ ብሎ መሳብ። የተነሳ ስንጣሪ ካለ ጥጡን ይይዘዋል። ልጁ ከፋርማሲ የገዛውን ጥጥ ይጠቀም ነበር። አክስቴ ይህን ስትሰማ ተናደደች። «ጥጥ ጠፍቶ ነው!» ብላ ራሷ የነደፈችውን ባዘቶ በላስቲክ ጠቅልላ ወደዚያ በሚሄድ ሰው ላከችለት። ባዘቶ ከፋርማሲው ይበልጥ ልል ስለሆነ ትንሿን ስንጣሪም አያልፋትም።

አሁን በየወሩ መጀመሪያ ፎቶ ይልክልኛል፦ ጥቁሩ ክንድ፣ አጠገቡ የባዘቶው ቁራጭ። አዲሶቹ ክንዶች ከተገጠሙ ወዲህ በላከልኝ ሁሉ ላይ አንድም ክር አልተያዘም።